ፋብሪካው ቢዘጋም መሬቱ ታሞ ቀረ

ከሰል ሲከስል ያላየ ገበሬ የለም። እንጨቱ ይከመራል፤ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፤ ከዚያ እሳት ይለቀቅበታል። አየር እንደ ልብ ስለማያገኝ እንጨቱ ነዶ አመድ አይሆንም፤ ውስጥ ውስጡን እየጋለ ይከስላል። በዚህ ጊዜ በየቀዳዳው ወፍራም ጭስ ይወጣል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ልብስ ላይ ያረፈ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ከሳዩ ግን ስለ ጭሱ ግድ የለውም። ጭሱን ንፋስ ይወስደዋል፤ እሱ ከሰሉን በጆንያ ይዞ ገበያ ይወጣል።

እንዲያው አስተውላችሁ ከሆነ ያ ጭስ ራሱ ይነዳል። ጭሱን ሳያመልጥ መያዝ፣ ማጠራቀምና በቧንቧ ወደ ቤት መውሰድ ቢቻል መብራትም ምድጃም ይሆናል። ዛሬ የምናነበው ይህንኑ ሥራ 50 ዓመት ስለ ሠራ አንድ ፋብሪካና ፋብሪካው ስለ ቆመበት መሬት ነው። ቦታው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ብትሆንም ለእኛ ሰፈር ሩቅ ናት። ነገሩ ግን የአፈር ነገር ስለሆነ ለገበሬ እንግዳ አይሆንም።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንስማማ። አንደኛ፣ እዚህ ላይ ጋዝ ስንል ለኩራዝ የምንገዛውን ላምባ ማለታችን አይደለም። ላምባ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ በጠርሙስ ይቀዳል። ይኸኛው ጋዝ እንደ አየር ያለ ነው፤ በእጅ አይጨበጥም፣ ክፍት ቦታ ካገኘ ያመልጣል። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ለማወቅ 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱ። እስቲ 1906ን በወረቀት ላይ ቀንሳችሁ ሞክሩት።

ጋዙ የሚሠራው ከድንጋይ ከሰል ነበር። የድንጋይ ከሰል በጥንት ዘመን የበቀለ ዛፍና ቅጠል ተቀብሮ፣ በላዩ ብዙ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበት፣ እጅግ ረጅም ጊዜ ቆይቶ የጠቆረ ነው። በ1792 ዊልያም መርዶክ የሚባል አንድ የስኮትላንድ ሰው በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል አግሎ፣ ከውስጡ የወጣውን ጋዝ በቧንቧ ወስዶ የገዛ ቤቱን አበራበት። በ1807 በለንደን ከተማ አንድ መንገድ በጋዝ መብራት በራ። በ1812 ጋዝ ለከተማው የሚሸጥ ኩባንያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሥራው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ተዛመተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የድንጋይ ከሰሉ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይታሸጋል፤ ከውጭ በኩል እሳት ይነድበታል። ከሰሉ እንዳይነድ አየር የለም፤ ስለዚህ ይግልና ጭሱን ይለቃል። ከሳያችን እንጨቱን በአፈር የሚሸፍነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጭሱ በቧንቧ እየሄደ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ወፍራም ጥቁር ሬንጅ ይንጠባጠባል። መንገድ ሲሠራ የሚፈሰውን ጥቁር ነገር ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ከሬንጁ የተለየው ጋዝ በውኃ ይታጠባል። ቀጥሎም ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር በተቀላቀለ የብረት ዝገት መካከል ያልፋል፤ ዝገቱ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለውን ክፉ ሽታ ይይዝለታል። ዝገቱ ሲደክም ሰማያዊ መርዝ ሆኖ ይወጣና ወደ ሜዳ ይጣላል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የተጣራው ጋዝ መቀመጫ ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ገልብጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ ብትደፉት፣ በውስጡ ያለው አየር አይወጣም፤ ውኃውም ሞልቶ አይገባም። የጋዝ ማጠራቀሚያውም እንደዚሁ ነው። ውኃ በሞላበት ገንዳ ላይ ትልቅ የብረት ድስት ተደፍቶ ይቀመጣል። ጋዝ ሲገባበት ድስቱ ከፍ ይላል፤ ጋዙ ወደ ቤቶች ሲሄድ ዝቅ ይላል። የድስቱ ክብደት ራሱ ጋዙን እየገፋ በቧንቧ ይሰደዋል። ድስት አልን እንጂ አንዳንዱ ከትልቅ ቤተ ክርስቲያን ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር፤ ነፍስ የሚያድን ነውና። ከድንጋይ ከሰል በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለ። በፈረንጅ አፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። ይኸው መርዝ ከእኛም የእንጨት ከሰል ይወጣል። በብርድ ሌሊት ቤታቸውን ዘግተው፣ ከሰል አያይዘው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ሰምታችኋል። ሰይጣን አልመታቸውም። ይህ መርዝ ነው የገደላቸው። የተያያዘ ከሰል ይዛችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ።

አሁን ወደ ሲያትል እንሂድ። ሲያትል በዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት። የአሜሪካ ዋና ከተማም ዋሽንግተን ስለምትባል አታምታቱት፤ አንዷ በምሥራቅ ናት፣ ግዛቱ በምዕራብ ነው። በከተማይቱ መካከል ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ። በሰሜን ዳርቻው መሬት እንደ ምላስ ወደ ሐይቁ ገባ ይላል። በ1903 ጆን ቻርልስ ኦልምስተድ የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ይህን ቦታ አይቶ፣ ለሕዝብ መናፈሻ ይሁን፣ ልጆች ይጫወቱበት፣ ሰው ሐይቁን ይይበት ብሎ ለከተማይቱ ምክር ሰጥቶ ነበር። ግን ማን ይሰማል? አንድ የጋዝ ኩባንያ አስቀድሞ ከ1900 ጀምሮ መሬቱን እየገዛ ነበር። በ1906 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ።

ቦታው 8 ሄክታር ያህል ነው። ጥማድ በየአገሩ ቢለያይም፣ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብንል 32 ጥማድ ይሆናል። የድንጋይ ከሰል በባቡር ይመጣል፤ ጋዝ በቧንቧ ይወጣል። የከተማው ሰው በጋዙ መብራት አበራበት፣ ወጥ ሠራበት፣ ቤቱን አሞቀበት። በ1937 ፋብሪካው የድንጋይ ከሰሉን ትቶ ጋዙን ከወፍራም ዘይት መሥራት ጀመረ። ዘይቱ በረጃጅም የብረት ማማዎች ውስጥ፣ በጋለ ጡብ ላይ ይረጫል፤ በግለቱም ጋዝ ይሆናል። ጋዝ ያልሆነው ጥላሸት ሆኖ ይወርዳል። ጥላሸቱንም ጠፍጥፈው፣ እንደ ኩበት አድርገው ለማገዶ ሸጡት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤቱ ያልተቸገረ አይምሰላችሁ። ጭሱ፣ ሽታውና ጥላሸቱ ቀንና ሌሊት ነበር። ልብስ አጥቦ ማስጣት ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ሴቶች ይፍረዱ። ዋናው ጉዳት ግን ከላይ አይታይም ነበር። ሬንጁ ይፈስሳል፤ ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ ቧንቧው ያፈሳል፤ የደከመው ዝገት በሜዳ ይጣላል። አንድ ቀን የፈሰሰ ጣሳ ዘይት ብዙ አይደለም። 50 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲፈስስ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1956 ከመሬት በታች የተገኘ የተፈጥሮ ጋዝ ከሩቅ አገር በትልቅ ቧንቧ ተስቦ ሲያትል ደረሰ። ይህ ጋዝ እንደ ውኃ ምንጭ ከምድር የሚወጣ ነው፤ ከሰል ማክሰል፣ ዘይት መርጨት አያሻውም። ስለዚህ ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ማማዎቹ ዝገው ቆሙ። መሬቱ ግን እንደ ነበረ ሆኖ አልጠበቀም።

ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሞተር ዘይት የሚደፋበትን ቦታ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ክረምት ይመጣል፣ ዙሪያው ይለመልማል፤ ያቺ ቦታ ግን ጥቁር ሆና ትቀራለች። ዘይቱ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ውኃ አይሰርግም፣ ሥር አይተነፍስም፣ ትል አይኖርም። በሲያትል 32 ጥማድ መሬት እንደዚያች ቦታ ሆነ። ልዩነቱ፣ እዚያ ሬንጁ ጠልቆ ወርዷል፤ በውስጡም ነቀርሳ የሚያመጡ መርዞች አሉበት። ትርፉን ኩባንያው ሲሰበስብ ኖሮ፣ ሬንጁን ለመሬቱና ለሐይቁ ተወለት።

በ1962 የከተማይቱ አስተዳደር መሬቱን ከኩባንያው በ1,340,000 ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ በየጊዜው እየተከፈለ በ1973 አለቀ። ልብ በሉ፤ ታሞ የተሸጠ መሬት ነው። እንደ እኔ ከሆነ ላቆሸሸው ሰው ገንዘብ መክፈል ቀርቶ ማስከፈል ይገባ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ያንን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። መሬቱ ለመናፈሻ እንዲገዛ ብዙ የታገሉት የከተማው ምክር ቤት አባል ወይዘሮ ሚርትል ኤድዋርድስ ነበሩ። በ1969 በመኪና አደጋ ሞቱ። መናፈሻው በስማቸው ሊጠራ ታስቦም ነበር።

በ1970 የመናፈሻው ንድፍ ሥራ ሪቻርድ ሃግ ለሚባል ባለሙያ ተሰጠ። ሃግ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ አባቱ ግን ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። እሱም ያደገው በአፈርና በችግኝ መካከል ነው። ከተማው የጠበቀው፣ ብረቱ ሁሉ ተነቅሎ ሣርና ዛፍ እንዲተከል ነበር። ሃግ ግን የፋብሪካውን የአንጥረኛ ክፍል ቢሮው አደረገ። እዚያው ተቀምጦ ቦታውን ካጠና በኋላ፣ ማማዎቹ አይፍረሱ ብሎ ተነሣ። አያቶቻችን እንዴት እንደሠሩ ልጆቻችን በዓይናቸው ይዩ አለ።

ነገሩ ከባድ ክርክር አስነሣ። የዛገ ብረት ምን ያምራል ያሉ ብዙ ነበሩ። ሃግ ሰዎችን ወደ ቦታው እየጋበዘ አሳየ፤ በየስብሰባው ተናገረ። በ1972 የከተማው ምክር ቤት ንድፉን ተቀበለ። የወይዘሮ ሚርትል ቤተሰብ ግን አልተስማማም፤ የፋብሪካ ፍርስራሽ በሚቆምበት ቦታ የእናታችን ስም አይጠራ ብሎ ስሙን አስነሣ። በኋላ በባሕር ዳር ያለ ሌላ መናፈሻ በስማቸው ተሰየመ። ከሁለቱ ወገን የትኛው ልክ እንደሆነ እኔ ለመፍረድ ይከብደኛል። የቤተሰቡም ሐዘን ይገባኛል።

ከብረቱ ክርክር ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የአፈሩ ሥራ ነው።

ይህን ታሪክ ሳወራ አንድ አባት፣ «ታዲያ ልጄ፣ የተመረዘውን አፈር ዝቀው ለምን አይጥሉትም?» ብለው ጠየቁኝ። ልክ ጠየቁ፤ የከተማው ሰውም እንደዚሁ ጠይቆ ነበር። አፈሩ ግን ተዝቆ የት ይጣላል? የተጣለበት ቦታ ደግሞ በተራው ይታመማል። ወጪውም አይቻልም። ሃግ ሌላ መንገድ መረጠ። ከአንድ የአፈር ሊቅ ጋር ሆኖ በጥቂት መደቦች ላይ ሙከራ አደረገ። አፈሩን አርሰው ገለበጡት። ከከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ የቀረ ዝቃጭ፣ ሰጋቱራ፣ የመሳሰለውንም የሚበሰብስ ነገር ቀላቀሉበት። እንደገና አረሱት።

ለምን ይህን አደረጉ? በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት አሉ። ፍግ የሚያበሰብሱት፣ ቅጠል ወደ አፈር የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። ብርድ ማለዳ የፍግ ክምር ሲቆፈር እንፋሎት የሚወጣው እነርሱ ሲሠሩ ስለሚሞቅ ነው። ከእነዚህ ነፍሳት መካከል ዘይት የሚበሉ አሉ። ነገር ግን ለመኖር አየር፣ እርጥበትና ሌላ ምግብም ይፈልጋሉ። ዘይት በደፈነው አፈር ውስጥ አየርም ምግብም ስላጡ ደክመው ነበር። እርሻው አየር ሰጣቸው፤ ዝቃጩና ሰጋቱራው ምግብ ሰጣቸው። እነርሱም በርትተው ዘይቱን መብላት ጀመሩ። በሙከራው መደብ ሣር በቀለ።

እንግዲህ ይህ ከእናንተ ሥራ የራቀ አይደለም። የደከመ ማሳ ላይ ፍግ በትኖ የሚያርስ ገበሬ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ሲያትል ላይ ሊቁ በመሣሪያ ለካው እንጂ ሥራው የገበሬ ሥራ ነው።

የፈራረሰውን ግንብና ክፉኛ የቆሸሸውን ነገር በአንድ ቦታ ከመሩት፤ በላዩም አዲስ አፈር አልብሰው ትልቅ ጉብታ አደረጉት። ዛሬ ልጆች እዚያ ላይ ወጥተው በክር የታሰረ የወረቀት ወፍ በነፋስ ያበርራሉ። ከጉብታው ጫፍ ላይ በ1978 የተሠራ የጥላ ሰዓት አለ። ሰውየው በምልክቱ ላይ ይቆማል፤ የገዛ ጥላው ሰዓቱን ይነግረዋል። ጥላውን በእግሩ ሰፍሮ ሰዓት የሚያውቅ ገበሬ እዚያ ቢሄድ ማንም አያስተምረውም። ድሮ የእንፋሎት ምድጃ የነበረበት ቤት ሰው ተቀምጦ የሚመገብበት መጠለያ ሆነ። ጋዝ ይገፉ የነበሩ ሞተሮች ያሉበት ቤት ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ተቀብቶ የልጆች መጫወቻ ሆነ። መናፈሻው በ1975 ለሕዝብ ተከፈተ። ረጃጅሞቹ ማማዎች በአጥር ተከበው ቆመዋል። አጥር ቢኖርም በየጊዜው እየዘለሉ የሚወጡ አሉ፤ ወድቀው የሞቱ ወጣቶችም አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። ረቂቅ ነፍሳቱ የሚሠሩት አየር በሚደርስበት ላይኛው አፈር ነው። ማረሻ ያልደረሰበት ሬንጅ ከታች እንዳለ ነበር። በሙቀት ቀን ሬንጁ ይለሰልስና በሣሩ መካከል ብቅ ይላል። በ1984 አፈሩ ሲመረመር ነቀርሳ የሚያመጡ መርዞች ተገኙበት። የከተማው ከንቲባ መናፈሻውን አዘጉ። ልጆች በአፈር ይጫወታሉ፣ እጃቸውንም ወደ አፋቸው ያደርሳሉና ፍርሃቱ ትክክል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የቆሸሹት ቦታዎች በአዲስ አፈር ተሸፍነው እንደገና ተከፈተ።

ሃግን በዚህ የሚወቅሱት አሉ። እኔ ግን ሰውየው ዋሸ አልልም። ላዩን አዳነ፤ ጥልቁን ማዳን አልቻለም። ሐኪም ቁስሉን አጥቦ ቆዳው ቢገጥም፣ አጥንቱ ውስጥ ያለ መግል ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

በ1988 የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ በድምፁ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ በአጭሩ፣ መሬት የመረዘ እሱ ያጽዳ የሚል ነው። ቀድሞ ያልነበረው ሕግ አሁን መጣ ማለት ነው። በዚህ ሕግ የድሮውን የጋዝ ኩባንያ የወረሰው ድርጅትና መሬቱን የገዛችው ከተማ በጋራ ኃላፊ ሆኑ። በ2000 ገደማ ከመሬት በታች አየር በቧንቧ እየተነፋ የሚተንን መርዝ እንዲወጣ ተደረገ። ሌላው ቦታ በወፍራም ንጹሕ አፈር ተሸፈነ። የፈላ ሬንጅ በታየበት ቦታ ሁሉ እየተቆፈረ ይወጣል። በ2013 ቦታው በአሜሪካ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተመዘገበ። ሃግ ይህን አይቶ በ2018 በ94 ዓመቱ ሞተ።

የቀረው የሐይቁ ነገር ነው። ሬንጁ በመሬቱ ብቻ አልቆመም፤ ቁልቁል ወርዶ በሐይቁ ወለል ላይ ካለው ጭቃ ጋር ተደባልቋል። ጭቃው ውኃ ስለተኛበት ማረስም፣ ሰጋቱራ መቀላቀልም አይቻልም። እንዴት እንደሚጸዳ ጥናቱና ውይይቱ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ሥራውም ገና አላለቀም። በሐይቁ ላይ ጀልባ ያልፋል፤ ሰው ከሣሩ ላይ ተቀምጦ ውኃውን ያያል። በዚያ ዳርቻ መዋኘትና እግር መንከር ግን ክልክል ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ተተክሏል።